በየጎፍ ጥሻ ውስጥ የሚዘምረውን ወፍ ፎቶ ማንሳትና ማስተካከል፦ የካሜራው ድርሻ የቱ ነው፣ የኤዲቱስ?

የጎፍ ግርጌ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በዚህ መድረክ ላይ ስለ ውኃ ወፎችና ስለ አሞራዎች ብዙ ተጽፏል፤ በቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽገው ስለሚዘምሩት ትናንሽ ወፎች ግን የተጻፈው ጥቂት በመሆኑ ይህን ክር ከፍቻለሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ አቅራቢያ ባለው የየጎፍ ደን ጠርዝ ላይ፣ አጋምና ቀጋ ከጥዱ ሥር ተጠላልፈው በበቀሉበት ስፍራ፣ የሩፔል ሮቢን ቻት የሚባለው ወፍ አለ። ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ያፏጫል፣ የሌሎችን ወፎች ዜማም እየቀዳ ይመልሳል፤ ስለዚህ ድምፁን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ መልኩን ያየው ግን ጥቂት ነው። ራሱ ወደ ጥቁር ያደላ ግራጫ፣ ቅንድቡ ነጭ፣ ከጉሮሮው እስከ ሆዱ ያለው ደግሞ ደማቅ ብርቱካናማ ነው።

በቅርቡ ያነሳሁትን ፎቶ ከታች አያይዣለሁ። ሌንሱ ከ150 እስከ 600 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ሲሆን ፎቶው በ600 ላይ፣ በኤፍ 6.3 (የሌንሱ ክፍተት)፣ በ1/200 ሰከንድና በአይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ትብነት) 6400 የተነሳ ነው፤ ሰዓቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ነበር። የቸገረኝ ነገር የሚከተለው ነው። ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) ብርሃን እንዳልበዛ እያሳየ፣ የደረቱ ላባ ግን ተለይቶ አይታይም፤ አንድ ወጥ ብርቱካናማ ቀለም ሆኖ ቀርቷል። ጥላ ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ኖይዙን (ምስሉ ላይ የሚታየውን ጥራጥሬ) በሶፍትዌር ሳጸዳው ደግሞ ወፉ ከላስቲክ የተሠራ ይመስላል። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ጫካው ውስጥ ሳለሁ የሚፈታ፣ የትኛውስ ቤት ገብቼ በኤዲት የሚስተካከል እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ሮው ብቻ

ወንድሜ፣ ያያያዝከው ፎቶ በቴሌግራም ተልኮ የወረደ ይመስላል። ቴሌግራም ምስልን በተለመደው መንገድ ስትልከው ስለሚጨምቀው፣ ከላባው ዝርዝር ብዙው እኛ ዘንድ ሳይደርስ ቀርቷል። በፋይል መልክ፣ ከተቻለም ሮውን (ካሜራው ሳያስተካክል የመዘገበውን ፋይል) ራሱን ላከልን፤ ያን ጊዜ በግምት ከመናገር እንድናለን።

እስከዚያው ስለ ደረቱ ልመልስ። ካሜራ ብርሃንን የሚመዘግበው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርጎ ከፋፍሎ ነው። በካሜራው ጀርባ ላይ በነጭ የሚታየው ነጠላ ሂስቶግራም በአብዛኛው የሚከተለው አረንጓዴውን ስለሆነ፣ ብርቱካናማ ደረት ላይ ቀዩ እስከ ጫፉ ሞልቶ ሳለ እርሱ ሁሉም ሰላም ነው ይልሃል። ሦስቱን ቀለሞች ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም አብራና ቀዩ የቀኙን ግድግዳ መንካቱን ተመልከት፤ ከነካ ኤክስፖዠሩን (የሚመዘገበውን ብርሃን) በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ያህል ዝቅ አድርግ፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው። ይሁንና ብዙ ጊዜ ሮው ፋይሉ ውስጥ ቀዩ አልጠፋም፤ የሚያጠፋው ካሜራው ወይም ሶፍትዌሩ በላዩ የሚያለብሰው ደማቅ የቀለም ፕሮፋይል ነው። ፕሮፋይሉን ኒውትራል ወደሚባለው ቀይረህ ብርቱካናማውን ለብቻው ሳቹሬሽኑንም (የቀለሙን ድምቀት) ብሩህነቱንም ጥቂት ብትቀንሰው፣ የላባው መስመር ተመልሶ ሲወጣ ታያለህ። ጄፔግ (የተጨመቀው የተለመደ የምስል ፋይል) ላይ ይህን መሞከር ድካም ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም የሚይዘው 256 ደረጃ ብቻ ሲሆን 14 ቢት ሮው ግን 16,384 ይይዛል።

ሐይቅ ዳር

የቀለሙን ነገር ባለሙያው በሚገባ አስረድቶታል፤ እኔ የምናገረው ከዚያ በፊት ስላለው ነው። ልጄ፣ 1/200 ሰከንድ ለቆመ ወፍ ይበቃ ይሆናል፣ ለሚዘምር ወፍ ግን አይበቃም። ሮቢን ቻት ሲዘምር ልብ ብለህ እይ፤ ጉሮሮው ያብጣል፣ ምንቃሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጅራቱም ከዜማው ጋር ይርገበገባል። በሌንሱ ውስጥ ያለው ማረጋጊያ የሚያቆመው የአንተን እጅ መንቀጥቀጥ እንጂ የወፉን አይደለም። ስለዚህ በዐረፍተ ዜማው መካከል ሳይሆን በመጨረሻው ላይ አንሳ፤ አንዱን ዜማ ጨርሶ ሌላውን ከመጀመሩ በፊት ራሱን ዘንበል አድርጎ የሚያዳምጥበት አንዲት ቅጽበት አለች፣ ያን ጊዜ አካሉ ሁሉ ጸጥ ይላል። የሻተሩን ፍጥነት ከፍ ሳታደርግ ጥርት ያለ ፎቶ የምታገኘው በዚያች ቅጽበት ነው። አፉን ከፍቶ የሚታይ ፎቶ ከፈለግህ ግን ከ1/500 በታች አትውረድ፤ አይኤስኦው ይጨምር እንጂ የደበዘዘ ላባን የሚመልስ ሶፍትዌር የለም።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። በእኛ አገር ኬክሮስ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ብርሃን ከ20 ደቂቃ ብዙም አይዘልቅም፤ ወፉ ድምፁን ከፍ የሚያደርገውም በዚያው በሚጨልምበት ሰዓት ነው። ጠዋት ግን ብርሃኑ እየጨመረ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። ፊቱን ወደ ምሥራቅ የሰጠ የደን ጠርዝ ምረጥና ጎሕ ሳይቀድ ተቀመጥ፤ በቦታው የለመደው አንድ ወይም ሁለት ማረፊያ ስላለው እርሱን ማሳደድ አያስፈልግም። ፀሐይዋ ወጥታ በቅጠሎች መካከል ስትሾልክ ደግሞ በወፉ ላይ ነጭና ጥቁር ዥንጉርጉር ትጥልበታለች፣ ያንን የሚያስተካክል ኤዲት እኔ አላየሁም። ጉም ወይም ስስ ደመና ያለበት ጠዋት፣ በተለይ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ወፍ ከጠራ ሰማይ ይሻላል።

ሮቢን ቻት ምግቡን የሚለቅመው ከመሬት፣ ከረገፈው ቅጠል ሥር ነው። ቆመህ ካነሳኸው ጀርባውን ከላይ ታያለህ፤ መሬት ላይ ብትቀመጥ ዓይኑ ከሌንስህ ትይዩ ይሆናል፣ በስተ ጀርባው ያለው ጥሻም ርቆ ስለሚደበዝዝ ያ የሚረብሽህ አረንጓዴ ግድግዳ ይለሰልሳል። ፎከሱንም ለአንዲት ነጥብ ብቻ ስጠው፤ ነጥቡን ለካሜራው ከተውክለት ሁልጊዜ የሚይዘው ከፊት ያለውን ጭራሮ ነው።

የጎፍ ግርጌ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዜማውን መጨረሻ መጠበቅ የሚለው ነገር ጨርሶ አልመጣልኝም ነበር። ሮው ፋይሉን ከዚህ በታች አድርጌዋለሁ፤ ሮው ብቻ እንዳልከው በፋይል መልክ ነው።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። አንድ ወዳጄ የወፉን ድምፅ ዜኖ ካንቶ ከሚባለው የወፍ ድምፆች ድረ ገጽ አውርጄ በስልኬ ባጫውት ራሱ ወደ እኔ እንደሚወጣ ነግሮኛል። ይህ ተገቢ ነው ትላላችሁ?

ወይራ ጥላ

ወንድሜ፣ ዜኖ ካንቶ እ.ኤ.አ. በ2005 ከተጀመረ ወዲህ የዓለምን ወፎች ድምፅ ለማጥናት ከሱ የተሻለ ነገር አላገኘሁም፤ ነገር ግን ድምፁን ቤትህ ሆነህ ለጆሮህ ማስለመጃ አድርገው እንጂ ጫካ ወስደህ አታጫውተው። ወፉ የስልክህን ድምፅ የሚሰማው ግዛቱን ሊነጥቀው እንደመጣ ሌላ ወንድ አድርጎ ነው። ምግቡን ይተዋል፣ ጎጆ ካለውም ጎጆውን ይተዋል፣ የሌለ ጠላት ሲፈልግ ጉልበቱን ይጨርሳል። ብዙዎቹ የደጋ ወፎች የሚራቡት ዝናቡን ተከትለው ነው፤ ወሎ ደግሞ በልግም ክረምትም የሚዘንብበት አገር ስለሆነ ከዓመቱ ውስጥ ጥንቃቄ የሚሻው ጊዜ ረጅም ነው።

ውኃ ከድምፅ ይሻላል። ጥርና የካቲት ላይ መሬቱ ሲደርቅ ጥላ ባለበት ቦታ ጎድጎድ ያለ ድንጋይ አስቀምጥ፣ በላዩ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ታችዋ በመርፌ የተበሳች አሮጌ ጄሪካን ስቀል፤ ጠብ የሚለው ውኃ ድምፅ ከሩቅ ይጠራቸዋል። ሮቢን ቻት ሲመሻሽ መታጠብ ይወዳል። የሚቀመጥበትን ድንጋይ አስቀድመህ ስለምታውቅ ጀርባውንም ብርሃኑንም አንተ ትመርጣለህ፤ ወፉም የሚሄደው ጠጥቶና ታጥቦ እንጂ ተታሎ አይደለም።

በቤተ ክርስቲያን ደን ውስጥ ከሆነ ግን አስቀድሞ አባቶችን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች የማይገቡበት በመሆኑ እኔ የማነሳው ከማዶ ካለው ዳርቻ ነው፤ እዚያም ቢሆን ያልጠየቅሁት ገበሬ ማሳ ውስጥ አልቀመጥም።

ቦርከና ማዶ

እኅቴ፣ ሐሳብሽን አከብራለሁ፤ በአንድ ነገር ግን አልስማማም። ወፉን በድምፅ ላለመጥራት ሲል ጥሻውን ከጠዋት እስከ ማታ እየረገጠ የሚዞር ሰው፣ ለግማሽ ደቂቃ ድምፅ አጫውቶ አንድ ፎቶ አንስቶ ከሚሄደው የበለጠ ይረብሻል። ሰው ስለ ሮቢን ቻት ሲያወራ ይህ አይገባው ይሆናል፤ እኔ ግን በደጋው ቁጥቋጦ ውስጥ ያለውን ሲናሞን ብራክን ዋርብለር የሚባለውን ቡናማ ወፍ ለማንሳት የሚለፋ ሁሉ ይረዳኛል ብዬ አስባለሁ። በሁለት ክንድ ርቀት ላይ ሆኖ ጆሮህ ላይ ይጮኻል፣ አንዲት ላባውን ግን አያሳይህም።

ወይራ ጥላ

ሰው በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ አንተ ብቻ ብትሆን ኖሮ ክርክርህን በተቀበልኩ። የጎፍ ግን ለደሴም ለኮምቦልቻም ቅርብ ነው፤ አንዱ የተሳካለት ቦታውን ለሌላው ይነግረዋል፣ ያንኑ አንድ ወፍ ሁሉም በግማሽ በግማሽ ደቂቃ ይጠራዋል። ጥሻውን የሚረግጥ ሰው ትክክል ነው አላልኩም፤ እርሱም ይቀመጥ።

የስቱዲዮ ሰው

እኔ ኑሮዬ ፎቶ ማተም ስለሆነ ከሌላ አቅጣጫ ልናገር። ሮው ፋይሉን ከፍቼ አየሁት፤ ማሻአላህ፣ ፎከሱ ዓይኑ ላይ ነው። ኖይዙ በቶፓዝም ሆነ በዲኤክስኦ ሶፍትዌር በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፤ ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ የራሱ ማጽጃ አለው። እኔ ብሆን በደረቱ ላይ የሚያልፈውን ጭራሮም አጠፋዋለሁ፣ ጀርባውንም አለሰልሳለሁ። ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው የሚገዛ ሰው የሚጠይቀው የወፉን ውበት ነው፤ ጭራሮው ነበረ ወይስ አልነበረም ብሎ የጠየቀኝ የለም።

ሮው ብቻ

ወዳጄ፣ ለግድግዳ የሚሸጥ ከሆነና ገዢው ካወቀ እኔ ከሳሽ አልሆንም። ነገር ግን ይህ ፎቶ እንደ መረጃ ወደ ኢበርድ (የወፍ ምልከታ መመዝገቢያ ድረ ገጽ) የሚላክ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ምክንያቱን በዚሁ ፋይል ላሳይ።

የሩፔል ሮቢን ቻት ሌላ የሚመስለው ወፍ አለ፤ ነጭ ቅንድብ ሮቢን ቻት ይባላል፣ ብዙ ጊዜም ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ይገኛል። በመልክ ከሚለዩባቸው ነገሮች ዋናው የጅራታቸው መካከለኛ ላባ ነው፤ የሩፔሉ ጥቁር ሲሆን የሌላኛው ወደ ወይራ ቀለም የሚያደላ ቡናማ ነው። አሁን የጎፍ ግርጌ ያያያዘውን የተስተካከለ ፎቶ ተመልከቱ። ጥላውን ለማብራት ሻዶው የሚባለው ስላይደር ወደ ቀኝ ተገፍቷል፣ አረንጓዴውን ለመቃወም ደግሞ መላው ምስል እንዲሞቅ ተደርጓል፤ በዚህ ምክንያት የጅራቱ መካከል ከጥቁርነት ወደ ቡናማነት ተቀይሯል። ፎቶውን ብቻ የሚያይ ባለሙያ ሌላ ወፍ ነው ቢል አይፈረድበትም። ኖይዝ ማጽጃውም እንዲሁ ነው፤ ላባ ያልታየበት ቦታ ላይ ከሌሎች ፎቶዎች የተማረውን ላባ ይስላል። ስለ ጭራሮው ደግሞ የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚያዘጋጀው የዱር ሕይወት ፎቶ ውድድር፣ በምስሉ ውስጥ የነበረን ነገር ማጥፋትም ያልነበረን መጨመርም አይፈቅድም፤ ለመጨረሻው ዙር የደረሱትንም ሮው ፋይል ይጠይቃቸዋል።

በፋይሉ ላይ እኔ ያደረግሁት ይህን ነው። መጀመሪያ ፕሮፋይሉን ኒውትራል አደረግሁ፤ ደረቱ ከዚያ በኋላ ራሱ ተመለሰ፣ ብርቱካናማውን መቀነስም ብዙ አላስፈለገኝም። ቀጥሎ አረንጓዴውን ያየሁት መላውን ምስል በማሞቅ ሳይሆን ቲንት የሚባለውን ስላይደር በጥቂቱ ወደ ማጄንታ (ወደ ሐምራዊ ያደላ ሮዝ) በመግፋት ነው፤ በቅጠል ውስጥ ያለፈ ብርሃን ችግሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ሳይሆን አረንጓዴ መሆኑ ነውና። ከዚያ ወፉን በማስክ (የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ በሚመርጥ መሣሪያ) ከጀርባው ለየሁት። በጀርባው ላይ የኖይዝ ማጽጃውን አጠነከርሁ፣ በወፉ ላይ ግን ግማሽ እንኳ ሳይሞላ ተውሁት፤ የቀለሙን ኖይዝ በሙሉ አጥፍቼ ከብርሃኑ ኖይዝ ጥቂት እንዲቀር አደረግሁ። የላስቲክ መልክ የሚመጣው ያች የቀረችው ኖይዝ ስትጠፋ ነው፤ ዓይን ጥቂት ጥራጥሬ ካላየ ላባ አይታየውም። ሻርፕ ያደረግሁት ዓይኑን፣ ምንቃሩንና የክንፉን ጠርዝ ብቻ ነው። ጅራቱን አልነካሁትም፣ ጥቁር ነው፣ ጥቁር ሆኖ ይቀመጥ።

ይህን ሁሉ በዳርክቴብልም ማድረግ ይቻላል፤ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያጸዱት ሶፍትዌሮች ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ ለአንድ ፎቶ ረጅም ደቂቃ ይወስዳሉ፤ መብራት መጥፋቱን ስትጨምርበት ደግሞ ባትሪው ፎቶውን ሳይጨርስ ያልቃል።

ቦርከና ማዶ

ስለ አረንጓዴው ልጠይቅ። ነጭ ጋቢዬን ወፉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ዘርግቼ አንድ ፎቶ ባነሳና ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ሚዛን) በእርሱ ባስተካክል ይሆናል?

ሮው ብቻ

ሐሳቡ ትክክል ነው፣ ጋቢው ግን አይሆንም። በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነጭ ጨርቅ ነጣ ብሎ እንዲታይ የሚያደርግ ነገር ስለሚቀርበት፣ የማይታየውን ብርሃን ወደ ሰማያዊ ይለውጠዋል፤ በእርሱ ያስተካከልከው ፎቶ ወደ ቢጫ ያደላብሃል። ግራጫ ካርድ ርካሽ ነው፤ ወፉ ከሄደ በኋላ እዚያው ቅርንጫፍ ላይ አስደግፈህ አንሳው። የወፉን ነጭ ላባም በዋይት ባላንስ መምረጫው አትንካ። የኢትዮጵያ ቡቡ የሚባለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ለምሳሌ ነጭ የሚመስለው ሆዱ ጥቂት የሮዝ ቀለም አለው፤ በእርሱ ካስተካከልህ ጫካውን ሁሉ አረንጓዴ ታደርገዋለህ።

ሐይቅ ዳር

ቡቡ ከተነሳ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ስለሚዘምሩ አንድ ወፍ ብቻ የሰማህ ይመስልሃል፤ ድምፁ ከሁለት አቅጣጫ መምጣቱን ካስተዋልህ ግን ሁለቱ የሚገናኙበትን ክፍተት መገመት ትችላለህ፣ ሌንስህንም እዚያ ታነጣጥራለህ። ኤክስፖዠሩን ለነጩ ሆድ አድርግ። ጥቁር ጀርባው ጨልሞ ቢወጣ ከሮው ውስጥ ይነሳል፣ የነደደ ነጭ ግን አይመለስም። ብዙዎቹ አዳዲስ ካሜራዎች በአይኤስኦ 3200 አንስተህ ቤት ውስጥ አንድ ስቶፕ ብታበራው፣ በ6400 ካነሳኸው የማይለይ ኖይዝ ነው የሚሰጡህ፤ ነጩን ለማትረፍ ይህ ዋጋ አለው። የአንተ ካሜራ እንዲህ መሆኑን ለማወቅ ቤትህ ውስጥ አንዱን ዕቃ በሁለቱም አንስተህ አስተያይ።

የስቱዲዮ ሰው

ስለ ጅራቱ የተባለውን ተቀብያለሁ፤ እኔ ጅራት የምመለከት ሰው አይደለሁም። ለደንበኞቼ የማትመውን ከአሁን በኋላ በሁለት ፋይል አስቀምጣለሁ፣ አንዱ የተነካ፣ አንዱ ያልተነካ። ጭራሮውን ግን በግድግዳው ላይ ማጥፋቴ አይቀርም።

የጎፍ ግርጌ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሮው ብቻ የነገርከኝን ቅደም ተከተል ተከትዬ እንደገና ሠርቼዋለሁ፤ አዲሱን ከፊተኛው ጋር አያይዤዋለሁ። የደረቱ ላባ ወጥቷል፣ ጅራቱም ጥቁር ነው። ጭራሮው አለ፤ እኔ እንዲያውም ወደድኩት፣ ወፉ ከጥሻ ውስጥ መሆኑን ያሳያል። አሁን የቀረኝ ማተም ነው። ካሜራዬ 24 ሜጋፒክስል ነው፣ ወፉ ግን ትንሽ ስለነበረ በሁለቱም በኩል ግማሽ ያህል ቆርጬዋለሁ። ለኤ3 ይበቃል?

የስቱዲዮ ሰው

6000 በ4000 የነበረው 3000 በ2000 ሆኖልሃል ማለት ነው፤ ከ24 ሜጋፒክስል የቀረህ 6 ነው። በኤ4 ላይ በአንድ ኢንች 250 ነጥብ ገደማ ስለሚደርስ በእጅ ይዘው ቢያዩትም ይበቃል። በኤ3 ላይ ወደ 180 ይወርዳል፤ ከክፍሉ ማዶ ለሚያየው ምንም አይደለም፣ ቀርቦ ላባውን ለሚቆጥር ግን ይታወቅበታል። እኔ ኤ4 እመክርሃለሁ። ፋይሉን ኤስአርጂቢ በሚባለው የተለመደ የቀለም ስርዓት አውጣው፣ ከማምጣትህም በፊት የላፕቶፕህን ስክሪን ብሩህነት ወደ ግማሽ ዝቅ አድርገህ እየው፤ ሙሉ በሙሉ በበራ ስክሪን ላይ ደህና የሚመስል የጫካ ፎቶ ወረቀት ላይ ጨልሞ ይወጣል። አብሽር፣ መጀመሪያ የደረቱንና የጅራቱን ክፍል ብቻ በትንሽ ወረቀት አትሜ አሳይሃለሁ።